ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከምግቡ ይልቅ ውሃው ታገለኝ

ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ደስታ ነው፤ ሰሞኑን ለቀን የሚበቃኝን ፈሳሽ ሳልለካና ሰዓት ሳልቆጥር ጠጥቼ ማደር ጀምሬአለሁ። ሕክምናውን ለማያውቅ ሰው ይህ የሚወራ ነገር ላይመስለው ይችላል። ያለፋችሁበት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያነበብሁትም ሆነ ባለሙያዎችን የጠየቅሁት ሁሉ ምን እንደምበላ፣ ምን ያህል እንደምበላና ከምን እንደምታቀብ ነበር። ወራት ሙሉ የታገለኝ ግን ውሃው ስለሆነ፣ አብዛኛውን የምጽፈው ስለ እርሱ ነው።

እኔ ያደረግሁት ስሊቭ የሚባለውን ነው። በዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የጨጓራ ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ቀሪው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ረኀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የብዙዎቻችን የምግብ ፍላጎት በእጅጉ ይቀንሳል። ባይፓስ የተባለውን ሌላውን ዓይነት ያደረጋችሁ ደግሞ ጨጓራችሁ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ሆና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ስለተገናኘች፣ ከመጠኑ በተጨማሪ የምግቡ መንገድም ተለውጧል። በፈሳሽ ጉዳይ ግን ችግራችን ተቀራራቢ ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ አልልም። ደም በእግር ሥሮች ውስጥ እንዳይረጋ በዚያው ቀን ከአልጋ ተነሥቼ እንድራመድ ተደረግሁ። በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና) ጊዜ ሆድን ለመንፋት የሚያገለግለው ጋዝ ትከሻዬን ለጥቂት ቀናት አሳመመኝ፤ እርሱም በእግር ጉዞ እየቀለለ ሄደ። ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ ተነገረኝ፤ አላነሣሁም። ከቀጭን ፈሳሽ ወደ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከዚያ ወደ ተፈጨ ምግብ፣ ቀጥሎም ወደ ለስላሳ ምግብ የሚሄደውን ቅደም ተከተል ሐኪሞቼ በሰጡኝ ሰሌዳ መሠረት ተከተልሁ። ቁስሉ ደረቀ፣ ሕመሙም ጠፋ። አስቸጋሪው ጊዜ አልፏል ብዬ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነበር።

ችግሩ የመጣው ወደ ተፈጨ ምግብ ስሸጋገር ነው። በፈሳሹ ደረጃ ላይ ወደ አፌ የሚገባው ሁሉ ፈሳሽ ስለነበር መብላትና መጠጣት አንድ ነገር ነበሩ። ምግቡ እየጠጠረ ሲመጣ ግን አዲስ ሕግ ተጨመረ፤ ከምግብ ጋር መጠጣት አይቻልም፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው። ትንሿ ጨጓራ ሁለቱን ባንድ ላይ አትችልም፤ ውሃው ለፕሮቲኑ የሚያስፈልገውን ቦታ ይይዛል፣ ያጨናንቃል፣ አልፎም ያስታውካል። ነገር ግን በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ጠጪ ተብሎ የታዘዘ ሰው ያን ሁሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠጣ ቁጭ ብሎ ካላሰላ በቀር ሁለቱ ትእዛዞች በየቀኑ ይጋጩበታል።

እኔ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠራሁት። ነቅቼ የምውለው 16 ሰዓት ነው። በቀን አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እበላለሁ፤ እያንዳንዱ ማዕድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በተሰጠኝ መመሪያ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስለማልጠጣ፣ አንዱ ማዕድ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋብኛል። አምስቱ ሲደመሩ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናሉ። ለመጠጥ የሚቀረኝ ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አንድ ሊትር ተኩሉ ለዚህ ሲካፈል በየአሥር ደቂቃው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ቁጥር ሳይ ለምን እንደማይሳካልኝ ገባኝ። እስከዚያ ድረስ የጎደለኝ ብርታት ይመስለኝ ነበር፤ በእውነቱ የጎደለኝ ሰዓት ነበር።

ወረቀቱን ይዤ የሥነ ምግብ ባለሙያዋን አነጋገርሁ። ከምግብ በፊት ያለው ክልከላ ከአንዱ የሕክምና ቡድን ወደ ሌላው እንደሚለያይ፣ ውሃ ብቻውን ከጨጓራ ቶሎ ስለሚወርድም በእኔ ሁኔታ ምግብ ሊቀርብ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ማቆሙ እንደሚበቃ ነገረችኝ። ከበላሁ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ግን ሳይነካ እንዲቆይ አደረገች። በዚህ ለውጥ ብቻ በቀን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አገኘሁ። እናንተም መመሪያችሁን በራሳችሁ እንድትለውጡ አልመክርም፤ ሒሳባችሁን ሠርታችሁ ለሚከታተላችሁ ባለሙያ አሳዩ እላለሁ። መመሪያው ለሁሉም ሰው የተጻፈ ስለሆነ ከእናንተ ቀን ጋር የሚያስማማው ከእናንተ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመችኝ ዕቃ በሆስፒታል መድኃኒት የሚታደልባት፣ በጎኗ እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሚደርስ መስመር ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሲኒ ናት። ጠዋት አምስት ሲኒ ሞልቼ ጠረጴዛዬ ላይ እደረድራለሁ። አንዷን አነሣና ሩቡን ያህል ጎንጨት አድርጌ አፌ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ከዋጥሁ በኋላም ከደረቴ ሥር ግፊት መኖር አለመኖሩን አዳምጣለሁ። ግፊት ከሌለ ሁለተኛውን እጎነጫለሁ፤ ካለ ሲኒዋን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ባዶዎቹን በግራ፣ ሙሉዎቹን በቀኝ አደርጋለሁና የት እንደደረስሁ በአንድ እይታ ይታወቀኛል። አምስቱ ሲያልቁ እንደገና እሞላቸዋለሁ።

በዚህ ምክንያት መጠኑ በሰዓት የተጻፈበትን፣ ሁለት ሊትር የሚይዘውን ትልቅ ጠርሙስ ለጀማሪ ፈጽሞ አልመክርም። ብዙዎች ይወዱታል፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ የጎደለኝን ብቻ የሚያሳየኝ ዕቃ ነበር። በየአሥር ደቂቃው የሚጮህ የስልክ ማንቂያም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ሰው እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል። የሚሻለው መጎንጨቱን ከሚደጋገም ሥራ ጋር ማያያዝ ነው፤ ከወንበር በተነሣሁ ቁጥር፣ አንድ ገጽ ባነበብሁ ቁጥር፣ ስልክ ባናገርሁ ቁጥር። ጥም እስኪሰማኝ ልጠብቅ የሚለውን ሐሳብ ግን ተዉት፤ በዚያ ወቅት የጥም ስሜት እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ሌላው እንቅፋት የውሃው ጣዕም ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጣዕም የሚለወጥበት ሰው ብዙ ነው፤ እኔን ንጹሕ ውሃ ብረት ብረት ይለኝ ነበር። ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ከደረቴ አጥንት ሥር ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ይከብደኛል። ለብ ያለ ውሃ በቀላሉ እንደሚወርድልኝ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ቀጭን የሎሚ ቁራጭ ሲገባበት የብረቱ ጣዕም ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው በተቃራኒው የሚስማማው በረዶ ስለሆነ ሁለቱንም ሞክሩ። ስብ የሌለው ቀጭን መረቅና ስኳር የሌለበት የሞቀ መጠጥም ከፈሳሹ ይቆጠራሉ። ጋዝ ያለው መጠጥ ያስጨንቃል። ስኳር የበዛበት ጭማቂ በተለይ ባይፓስ ላደረጋችሁ አደገኛ ነው፤ ቶሎ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይቆርጣል። አልኮልም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ምግብ መጽናኛው የነበረ ሰው መጽናኛውን ወደ መጠጥ እንዳያዞር ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ከዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የምጽፈው የሰውነት ድርቀት ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ነው። ምልክቶቹ የጠቆረ ሽንት፣ የአፍ መድረቅ፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀትና ድካም ናቸው። እኔን ከተቀመጥሁበት ስነሣ ዓይኔን ያጨልመኝ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት እወስድ ስለነበር ሐኪሜ ተለክቼ መጠኑ እንዲቀነስ አደረገ፤ በኋላም ጨርሶ ተወልኝ። የግፊት፣ ሽንት የሚያበዛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ እንዲታይላችሁ ጠይቁ፤ ሰውነት በፍጥነት ስለሚለወጥ የትናንቱ መጠን ለዛሬ ሊበዛ ይችላል።

አንድ ቀን ሙሉ ምንም ፈሳሽ አልወርድ ካላችሁ እቤት አትቆዩ። ማስታወክ ለቀናት ከቀጠለ ሌላም አደጋ አለ፤ ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ክምችት ስላለው ቶሎ ያልቃል። ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት፣ አረማመድ መንገዳገድና ግራ መጋባት ከመጡ አስቸኳይ ነው፤ የምትደርሱበት ሐኪም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ማድረጋችሁን ይወቅ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 እንዲሰጣችሁ አስታውሱት። ከፍተኛ የልብ ምት፣ ትኩሳትና እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመምም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሰፋው ቦታ መፍሰስን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ እስኪነጋ አይጠበቁም።

ስለ ውሃ ይህን ያህል ከተናገርሁ በኋላ ስለ አበላል የምመክረው ግን ትንሽ ነው፤ እኔው ራሴ ገና ነኝ። በዝግታ ማኘክን አውቀዋለሁ፤ ሲከፋኝ ወይም ስቸኩል ግን እጄ ይቀድመኛል። ያን ጊዜ ጉርሻው ደረቴ ላይ ይቆማል፣ አፌ በምራቅ ይሞላል፣ እስኪወርድም መቆምና መጠበቅ ብቻ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጀመርሁትን የሥነ ልቦና ምክር ያላቋረጥሁትም ለዚህ ነው። ቶሎ የመብላቱ ነገር ከጨጓራዬ ይልቅ ከስሜቴ ጋር የተያያዘ ነውና በመለኪያ ሲኒ አልተፈታልኝም። ፕሮቲኑን በማስቀደም በቀን ከ60 ግራም በታች እንዳይወርድ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ሌላ የተለየ ዘዴ የለኝም።

ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣትን እቃወማለሁ። ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ክብደት መቀነሱን ቀጥ ሲያደርግ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ምክንያቱ ግን በአብዛኛው የውሃ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ ሰውነት ግላይኮጅን የተባለውን የስኳር ክምችቱን ሲጠቀም አብሮት የታሰረው ብዙ ውሃ ይወጣል፤ ቀጥሎ ጥቂቱን መልሶ ሲይዝ ስብ እየቀነሰም ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። ፀጉርም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግፋል፤ የእኔም ረግፎ ተመልሷል። ለዚህ ሲባል የሚሸጡ ውድ ዘይቶችና ቅባቶች ይጠቅማሉ ብዬ አላምንም፤ ፕሮቲንና ብረት እንዳይጎድል ማድረግ ይበልጣል።

ቫይታሚኖቹ ዕድሜ ልክ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ድርድር የለም። ካልሲየምን በሲትሬት መልኩ እመርጣለሁ፤ ካርቦኔቱ በደንብ እንዲገባ የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ለእኛ አይመችም። አንድ ጊዜ ከሚወሰደው ከ600 ሚሊ ግራም በላይ በቅጡ ስለማይዋሐድ ከፋፍዬ እወስደዋለሁ፤ ከብረት እንክብሉም ቢያንስ በሁለት ሰዓት አርቀዋለሁ። እንክብሎቹን ከሲኒዎቹ ጋር ማሰለፌ ሁለቱንም እንዳልረሳ ረድቶኛል። ባይፓስ ያደረጋችሁ ኢቡፕሮፌንና መሰል ማስታገሻዎችን ጨጓራውና አንጀቱ በተገናኙበት ቦታ ላይ ቁስለት ስለሚያመጡ ሐኪም ሳያዝዝ አትንኩ።

በቅርቡ የዓመቱን የደም ምርመራ እሰጣለሁ። የደም መጠን፣ የብረት ክምችት፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞንና የኩላሊት ምርመራ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ያን ጊዜ ከክብደቱ ጋር የሄደው ጡንቻ ምን ያህል እንደሆነ ተለክቶ የክብደት ማንሣት ስፖርት ስለማሳደግ እንነጋገራለን። በዚያ በኩል የቀደማችሁኝ ካላችሁ፣ በስፖርቱ ወቅት ፈሳሹን እንዴት እንደምትከፋፍሉት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ሲያልበኝ የሚጨመረውን ውሃ የማስገባበት ሰዓት እስካሁን አላገኘሁለትም።