ከራጂው በፊት ቡሹ፦ የድሮ ሆንዳ የፊት ጎማ መሀል ሲገባ

ሰበታ ግቢያችን ውስጥ የማድሰው ሞተር ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረ፣ ለጥገና የማያስቸግር ሞዴል። ቀለሙን ጨርሼ የፊት ጎማውን ስገጥም ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ አገኘሁት። በካሊበር ለካሁት፦ ከቸርኬው (ከጎማው የብረት ክብ) እስከ ሹካው እግር በፍሬኑ በኩል 24፣ በተቃራኒው 18 ሚሊሜትር። ልዩነቱ 6 ቢሆንም ጎማው መገፋት ያለበት 3 ብቻ ነው፤ ከአንዱ ወገን የተቀነሰው ለሌላው ይጨመራላ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የራጂ (ቸርኬውን ከጎማው መሀል ጋር የሚወጥሩት ቀጫጭን ዘንጎች) መፍቻ ያነሳል። እኔ መጀመሪያ ሹካው ላይ ሽቦ አስሬ ጎማውን አዞርኩት። በሽቦውና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋ የሚጠብ ቢሆን ቸርኬው ጠሟል ማለት ነበር። ክፍተቱ ግን አልተለወጠም፤ የሸሸው ጎማው በሙሉ ነው። ሹካው እንዳልተጣመመም በሁለቱ ቱቦዎች ላይ ጠፍጣፋ መስታወት አስተኝቼ አየሁ፤ አልተንገዳገደም።

ፔርኖውን (ጎማውን ሹካው ላይ የሚይዘውን ዘንግ) ሳወጣ ነገሩ ተገለጠ። ከፍሬኑ ተቃራኒ ያለውን ቡሽ (በጎማውና በሹካው መካከል ርቀት የሚጠብቅ ቀለበት) ከዚህ በፊት የፈታው ሰው በሞረድ አሳጥሮታል፤ ጉድለቱን ለመሙላት ደግሞ በፍሬኑ በኩል 2 ሮንዴላ ደርቧል፣ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊሜትር። ሶማሌ ተራ ልኩን አጣሁ፤ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩት። ሮንዴላዎቹ ወጥተው አዲሱ ቡሽ ሲገባ ልኬቱ 22 እና 20 ሆነ። ያለ ምንም ራጂ!

የቀረችው 1 ሚሊሜትር ናት ለራጂ የሚገባት። ከ36ቱ ራጂዎች 18ቱ በፍሬኑ ወገን ናቸው። የተቃራኒውን ወገን ሩብ ዙር እያላላሁ የፍሬኑን ወገን ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ አንዱንም ሳልዘል። አንዱን ብቻ አብዝቶ መጎተት ቸርኬውን ያጣምማል። ልኬቱን ሁልጊዜ ከሹካው እግር እንጂ ከሞዞው (ራጂዎቹ ከሚነሱበት የጎማው መሀል) አትውሰዱ፤ የፍሬን ሞዞ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል አይደሉም። ደግሞም አራት ቦታ ለኩ። በመጨረሻ 21 በ21 ሆነ፣ ውልግድግዱም ከ1 ሚሊሜትር በታች፤ ለዚህ ዓይነት ጎማ እስከ 2 ይፈቀዳል።

በራጂዎቹ ጫፍ ከዳዶው አልፎ የወጣ ካለ ሞርዱት፤ ካላመዳሪያውን (የውስጥ ጎማውን) ይበሳል። የፔርኖውን ዳዶ ከማጥበቄ በፊት ሹካውን ደጋግሜ ጨቆንኩት፤ ሳጠብቅ ደግሞ ልጄ የፊት ፍሬኑን ይዞልኝ ነበር፣ የፍሬኑ ሳህን መሀሉን እንዲይዝ። ኮብልስቶኑ ላይ ትንሽ ከነዳሁት በኋላ ጥቂት ራጂዎች ላልተው አገኘኋቸውና በድምፃቸው እያመሳሰልኩ መልሼ አጠበቅኳቸው።