ውድ ያልሆነ ዲፕ ፍራየር አመራረጤ፦ ዋቱ፣ ሊትሩና ዘይቱ

ዲፕ ፍራየር (ምግብን ዘይት ውስጥ አጥልቆ የሚጠብስ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የዕቃውን ዋጋ ነው። በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ለሚጠብስ ቤት ግን ወጪው ያለው ዘይቱ ላይ ነው። መጥበሻ ላይ ከሆነ በግማሽ ሊትር ዘይት ሳምቡሳ ይወጣል፤ ፍራየር ግን «ሚኒመም» (ትንሹ የዘይት ልክ) ከሚለው መስመር በታች አይሠራም። በዚያ ላይ የጾምና የፍስክ ጉዳይ አለ። ዶሮ የወጣበት ዘይት ለጾም ሳምቡሳ ስለማይሆን ሁለት ዘይት ለየብቻ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ባለ 4 ሊትር ፍራየር የገዛ ሰው 8 ሊትር ዘይት ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ፍለጋዬን የጀመርኩት ከታችኛው መስመር ነው። ቀጥሎ ዋቱን አየሁ፤ ዋጋውን መጨረሻ።

ገበያ ላይ «ፍራየር» ሲባል ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች ይወጣሉ። ኤር ፍራየር ሞቃት አየር በማራገቢያ የሚያዞር ትንሽ ኦቨን ነው። ለዶሮና ለድንች ጥሩ ነው፤ ቦምቦሊኖ ቢገባበት ግን የሚወጣው ዳቦ ነው። ዘይት ከሚሞላባቸው ርካሾቹ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሬዚስታንሱ (በኤሌክትሪክ የሚግለው ብረት) ከታች ተደብቆ የማይጣበቅ ቅብ ያለው ጎድጓዳ ዕቃ የሚያሞቅ ነው፤ 1 ሊትር ገደማ ዘይት ይበቃዋል፣ ቦታም አይዝም። ችግሩ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) የሚለካው የዘይቱን ሳይሆን የዕቃውን ሙቀት መሆኑ ነው። የረገፈ ዱቄትና ፍርፋሪም ቀጥታ የሚግለው ወለል ላይ ተኝቶ ያርራል። ሁለተኛው ሬዚስታንሱ ዘይቱ ውስጥ የሚጠልቅ ነው። ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ስለሚል ከሥሩ ያለው ዘይት ቀዝቀዝ ይላል፤ ሳምቡሳ ተፈትቶ ምስሩ ቢበተን እዚያ ወርዶ ይተኛል እንጂ አያርርም። ዘይት መያዣው ከሬዚስታንሱ ተነጥሎ ስለሚወጣም እንደ ድስት ይታጠባል። እኔ የወሰድኩት ይህንን ነው፦ ታችኛው መስመር 1.5 ሊትር፣ ላይኛው 2 ሊትር፣ 1800 ዋት።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሊትር አንዳንዴ ዕቃው እስከ አፉ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ሱቅ ውስጥ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይዞ እስከ መስመሮቹ ውሃ መሙላት እውነቱን ያወጣዋል። በዚያው ውሃ ሙከራውም ይደረጋል፤ ሻጭ «ይኸው ይሠራል» ብሎ ባዶውን ሲሰካ ማስቆም ይገባል፣ የሚጠልቅ ሬዚስታንስ ያለ ውሃ ወይም ዘይት በአጭር ጊዜ ይበላሻል። ውሃው ከታችኛው መስመር አልፎ ፍራየሩ ሲሰካ ጠቋሚ መብራቱ በርቶ ይቆያል፣ አይጠፋም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ውሃ ቴርሞስታቱ የሚቆርጥበት ሙቀት ላይ አይደርስም። ቤት ሲደርሱ ግን ዘይት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ስንጥቅ መድረቅ አለበት፤ የቀረች ጠብታ ዘይቱ ሲግል ትፈነዳለች።

የዋት ሂሳብ እንዲህ ነው። 1 ሊትር ዘይት ከ20 ወደ 175 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 285 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። 2 ሊትር በ1800 ዋት ከ5 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል፤ በየጎኑ የሚባክነው ሲታሰብ 7 ወይም 8 ደቂቃ። በ1000 ዋት ከ12 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። መቆየቱስ ይቻላል፤ የሚያስቸግረው ምግብ ሲገባ ነው። 300 ግራም ድንች 2 ሊትር ውስጥ ሲገባ 175 የነበረው ወደ 150 ይወርዳል፣ ዋቱ ያነሰ ደግሞ ቶሎ መልሶ አያነሳውም። ድንቹ እዚያው ተቀቅሎ ዘይት ይጠጣል። ለ1 ሊትር ከ600 ዋት በታች የሚደርሰውን ፍራየር፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ እተወዋለሁ።

ከዕቃው ሥር ያለውን መለያም ማንበብ ያስፈልጋል። የእኔው «220–240 ቮልት፣ 1500–1800 ዋት» ይላል። ትርጉሙ 1800 የሚሰጠው በ240 ነው፤ በ220 1500 ገደማ ነው። ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስና መብራቱ ሲደክም፣ 180 ቮልት ሲደርስ ያ 1800 የተባለው ዕቃ 1000 ዋት ሆኗል። ስለዚህ የምጠብሰው ከሰዓት ነው፣ ከእንጀራ ምጣድ ጋርም አላጋጥመውም፤ ምጣዱ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ብሬከሩ ይወርዳል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ላይ አይሰካም። የግድ ከሆነ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ይሁን፣ ተጠቅልሎም አይቀመጥ፤ እንደተጠቀለለ ይግላል። ሶኬቱም የምድር ሽቦ (ግራውንድ) ያለው ይሁን።

ከአሜሪካ የሚላከው ባለ 120 ቮልት ፍራየር በነጻ ቢመጣም ያስከፍላል። 220 ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ሬዚስታንሱ ይሄዳል፤ በትራንስፎርመር ይሁን ከተባለ ለ1700 ዋት ዕቃ ቢያንስ 2000 ዋት፣ ከተቻለም 2500 የሚችል ከባድ ብረት መግዛት ነው። ከዱባይ የመጣ በቮልት በኩል ምንም አይልም። ጠፍጣፋ ሦስት እግር ያለውን መሰኪያ ኤሌክትሪሺያን ይቀይረው፤ ለስልክ የምትሆነው አስማሚ እዚህ ላይ ትቀልጣለች።

ቴርሞስታት ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፣ አልቆጭም። ርካሽ ፍራየር ላይ 180 የሚለው ቁጥር ምኞት ነው። ለማወቅ ቀጭን ዘንግ ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ፈተንኩት፤ አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ማለት አለበት፣ 100 ካለ ተሳስቷል። ከዚያ ዘይት ሞልቶ 180 ላይ ማድረግ። መብራቱ መጀመሪያ ሲጠፋ ያለው ንባብ አይታመንም፤ ሦስት ጊዜ እስኪጠፋና እስኪበራ መጠበቅ፣ ሲጠፋ ስንት፣ ሲበራ ስንት ብሎ መጻፍ። የእኔው ሲጠፋ 188፣ ሲበራ 166 ነበር። ለዚህ ዋጋ ደህና ነው። ቁልፉ አጠገብ በማርከር ምልክት አደረግኩበት፣ አለቀ።

አንድ ቀን የፍራየሩ ጠቋሚ መብራት ቶሎ ቶሎ መጥፋት ጀመረ፤ ቴርሞሜትሩ ሲታይ 140። የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሬዚስታንሱ ጎን የምትሄደው ቀጭን የመዳብ ዘንግ ናት፤ የቴርሞስታቱ ስሜት ያለው እሷ ላይ ነው። የያዘቻት ሽቦ በእጥበት ላልታ ሬዚስታንሱን ነክታለች፣ ስለዚህ የምትለካው የዘይቱን ሳይሆን የብረቱን ግለት ነው። ከሶኬት ነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት እንዲኖራት በእጅ መመለስ በቂ ነው። ዘንጓ መታጠፍ የለባትም፤ ከተሰበረች ቴርሞስታቱ በሙሉ ይቀየራል። ጭራሽ አልበራ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ይታይ። የመቆጣጠሪያው ሳጥን ቦታው ላይ በደንብ ካልገባ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ማብሪያ አትጫንም። ከልክ በላይ ግሎ ቆርጦ ከሆነም «ሪሴት» የተጻፈባት ቀዳዳ አለች፤ ሲቀዘቅዝ በስቴኪኒ ትጫናለች።

ከፍታም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ 92 ላይ ይተናል፤ ውስጡ ከዚያ ብዙ አይሞቅም፣ ላዩ ግን ከዘይቱ እኩል ይጠቁራል። 180 የሚል አሠራር ተከትሎ ቦምቦሊኖው ውጭው ቡናማ፣ ውስጡ ሊጥ የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ ከተጻፈው 10 ወይም 15 ዲግሪ እቀንሳለሁ፦ ቦምቦሊኖ በ165፣ ሳምቡሳ በ170፣ በአንድ ጊዜ ከ5 ሳይበልጥ። ቦምቦሊኖ ስንጠብስ ቅርጫቱ ይወጣል፤ ሊጥ ወንፊቱ ላይ ይጣበቃል። ድንች በ1 ሴንቲ ውፍረት ተቆርጦ፣ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ በፎጣ ተጠርጎ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፦ በ140 አምስት ደቂቃ፣ ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ ይቀመጣል፣ ከዚያ በ175 ሦስት ደቂቃ። ጨው ዘይቱ ላይ አይነሰነስም፣ ዘይቱን ቶሎ ይጎዳዋል።

ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ፍራየሩ ከቦታው አይነሳም። ድንገት እሳት ቢይዝ ይነቀልና በክዳኑ ይታፈናል፤ ውሃ በፍጹም። ለብ ሲል በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል፣ ከታች የቀረው ዝቃጭ ይጣላል፣ ቀሪው ብርሃን በማይገባበት ጠርሙስ «ጾም» እና «ፍስክ» ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጣል። ድንችና ሳምቡሳ ብቻ ከሆነ አራት አምስት ጊዜ ያገለግለኛል፤ ዓሣና ዶሮ ከገባበት ከዚያ ያነሰ። ነጭ አረፋ ከተነሳና በ175 ማጨስ ከጀመረ ቁጥር መቁጠር አያስፈልግም፣ አልቋል። የተጣራ የሱፍ ዘይት ይመቸኛል። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ይጠብሳል፣ ግን እንደረጋ ፍራየር ውስጥ ተደርጎ አይለኮስም፤ ሬዚስታንሱ ዙሪያ ያለው ብቻ ቀልጦ ሌላው ሳይነካው ብረቱ ያጨሳል። ድስት ላይ ይቅለጥና ይገልበጥ፤ ተጠብሶ ሲያልቅም ሳይረጋ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ይውጣ፣ አለዚያ በማግስቱ በማንኪያ መፋቅ ነው።