ለዶነር «ይገባችኋል» የጻፍን ጊዜ

የዘገየው ዶነሩ፣ ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት ማለቴ ነው፣ የሚልክልን ሁለተኛው ዙር ክፍያ ነበር። ለምን እንደዘገየ ቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የመጀመሪያው ዙር ሂሳብ አልተወራረደም። ከመስክ የመጣው ደረሰኝ በፌስታል ታስሮ የፋይናንሱ ጋሼ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ይህን ግን ስብሰባ ላይ የሚያነሳው አልተገኘምና ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «ዶነሩ በደብዳቤ እንዲጠየቅ» የሚል ብቻ ሆነ።

እስከዚያ ድረስ ለዶነር የሚሄደውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሁሉም «ብትተባበሩን ምስጋናችን የላቀ ነው» ዓይነት ናቸው፤ መልሳቸውም ያው «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን»። በዚህኛው ግን ዶክተር፣ አዲሱ ዳይሬክተራችን ማለቴ ነው፣ ራሳቸው ቁጭ ብለው አረቀቁ። ለእኔ የላኩልኝ «ኮማ ኮማውን ብቻ እዪልኝ» ብለው ነው።

ኮማው ደህና ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ኢት ቢሁቭስ ዩር ኢስቲምድ ኦርጋናይዜሽን ቱ ሪሊዝ ዘ ሰከንድ ትራንሽ»፤ የተከበረው ድርጅታችሁ ሁለተኛውን ዙር ክፍያ መልቀቅ ይገባዋል ማለት ነው።

ቢሁቭ በየቀኑ የምትሰማ ቃል አይደለችም። መዝገበ ቃላት ሲፈቷት ግድ መሆንን፣ ተገቢ መሆንን፣ መጥቀምን አንድ ላይ ይሰጧታል፤ በእኛ «ይገባል»ም «ይበጃል»ም ናት። እኔ፣ አንተ፣ እነሱ የሚባል ባለቤት አትወድም፤ «ኢት» ብላ ነው የምትነሳው። ጣጣዋ ያለው ወደ ማን እንደምትዞር ላይ ነው። ወደ ራስ ከዞረች፣ «ቢሁቭስ አስ» ከተባለ፣ ትሕትና ነው። «ቢሁቭስ ዩ» ከተባለ ግን ምክር የምትመስል ተግሣጽ ናት። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አይገሥጽም፤ ቢያንስ እስኪቀበል ድረስ።

ቢሯቸው ገባሁ።

«ዶክተር፣ ይቺ ቃል ለዶነር ትከብዳለች።»

«ትከብዳለች ማለት?»

«ትቆጣለች። ግዴታችሁን ተወጡ እንደማለት ነው።»

«ፎርማል ናት እኮ።»

«ፎርማልማ ናት። ዳኛም ተከሳሹን ሲያናግር ፎርማል ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ዶክተር መነጽራቸውን ካወለቁ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ አዲስ ሠራተኛ እንኳ ይህን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚህ መሃል ጋሼ የሚፈረም ቼክ ይዘው ገቡና ጉዳዩን ሰሙ። ጋሼ እሑድ እሑድ ሰባኪ ናቸው፣ ለእንግዳ ሰባኪም ያስተረጉማሉ።

«ቃሏማ የመጽሐፍ ቅዱስ ናት» አሉ ቼኩን ጠረጴዛው ላይ እያደላደሉ። «ዕብራውያን 2፥17። በ1611ዱ በኪንግ ጄምስ፣ ‹ኢት ቢሆቭድ ሂም ቱ ቢ ሜድ ላይክ አንቱ ሂዝ ብሬዝረን› ይላል። በእኛም ‹በነገር ሁሉ ወንድሞቹን ሊመስል ተገባው› ነው።»

ዶክተር መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «አየሽ?»

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ እኮ የተገባው ከላይ ዝቅ ብሎ የወረደው ነው» አልኩ። «እኛ ማንን ነው ዝቅ በል የምንለው?»

ጋሼ ሳቁ። መልስ ግን አልሰጡኝም፤ ቼኩን አስፈርመው ወጡ። ፌስታሉን ከጠረጴዛቸው ሥር አውጥተው ቢፈቱት ኖሮ ወደ ዕብራውያን መልእክት ድረስ ባልሄድን ነበር። ይህን ግን ለእኚህ ሰው ፊት ለፊት የሚናገራቸው የለም፤ ሁላችንም አበል የምንወስደው ከእጃቸው ነው።

«ታዲያ ምን ይባል ትያለሽ?» አሉ ዶክተር።

«‹ዊ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ› ብንል።»

«እሱማ ልመና ነው።»

ሥራችንስ ምን ሆነና፣ ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ደብዳቤው እንዳለ ተፈረመ፣ ማህተም ተደረገበት፣ ስካን ሆኖ ሄደ።

መልሱ ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ መጣ። የጻፈችው እንግሊዛዊቷ ፕሮግራም ኦፊሰር ናት። ስለ ደብዳቤያችን አመስግና፣ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን እንደምትስማማበት ገልጣ፣ ከዚያ በዚያች በለሰለሰ እንግሊዝኛቸው «ኢት ዉድ ኢኩዋሊ ቢሆቭ ዩር ኦፊስ» ብላ ያልተወራረደው ሂሳብ ቀድሞ እንዲደርሳት ጠየቀች። የራሳችንን ዱላ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመስግና መለሰችልን። ሳነበው ፊቴን ሙቀት ሙቀት አለኝ፤ እኔ ያልጻፍኩት ደብዳቤ ነው፣ ግን አድራሻው የቢሮው ነው።

ዶክተር አስጠሩኝ። ደንግጠዋል ብዬ ስገባ ፈገግ ብለዋል። የታተመውን ወረቀት አዙረው አሳዩኝ፤ ቃሏን በቀይ እስክሪብቶ ከበዋታል።

«ስፔሊንግ ስታለች። አንድ ኦ ጎድሏታል።»

«አልሳተችም ዶክተር። እንግሊዞቹ በአንድ ኦ ነው የሚጽፉት፣ ሲያነቡትም ቢሆቭ ነው የሚሉት። በሁለት ኦ ጽፎ ቢሁቭ የሚለው አሜሪካ ነው።»

ትንሽ አሰቡ።

«ገንዘቡ የሚመጣው በምንድን ነው? በዶላር ነው በፓውንድ?»

«በፓውንድ።»

«እንግዲያው አንዷን ኦ አውጪልኝ። ከእንግዲህ በአንድ ኦ ነው የምንጽፈው።»

እስከ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። ሴትዮዋ የላከችልን የጨዋ ኩርኩም ነበር፤ እሳቸው ያነበቡት የፊደል ልምምድ ሆነ። ብከራከርም ምን ልል ነው? ስለ ኦዋ ልክ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገራችሁ። ፌስታሉ ተፈታ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ቁጭ ብለው የነዳጅ ኩፖን ለዩ። ከካሽ ሬጂስተር የወጣው ወረቀት አቆይተነው ስለነበር ቀለሙ ደብዝዞ አንዳንዱ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ ጋሼ መብራት ላይ ከፍ እያደረጉ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያዘነበሉ ያነቡታል፣ እኔ እጽፋለሁ። የቀረውን በኤፎር ወረቀት ላይ እየለጠፍን፣ የአበል መፈረሚያውን ከሥልጠናው ስም ዝርዝር ጋር እያመሳከርን አመሸን። ሪፖርቱ ሄደ፣ ጸደቀ፣ ገንዘቡ ገባ።

ገንዘቡ የገባው ሂሳቡ ስለተወራረደ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ ያውቃሉ፣ የዶነሯ ሴትዮ ታውቃለች። ቢሮው ውስጥ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ «ዶክተር በእንግሊዝኛ አንቀጠቀጧቸው» ነው የሚባለው። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለትም ያስቸግረኛል። የእኔዎቹ ምስጋና ያዘሉ ደብዳቤዎች ፌስታሉን ከጠረጴዛ ሥር አላስወጡትም። የእሳቸው ተግሣጽ ዞሮ በራሳችን ላይ ሲመጣ ግን አስወጣው።

ቃሏ ከዚያ በኋላ መዋያዋ በዛ። የሻይ ክፍሉ ማጠቢያ ላይ ኩባያችሁን እጠቡ የሚለው ማስታወቂያ በእሷ ይጀምራል። አንዷ ኢንተርን «ሁፍ ሰኮና አይደል? ምን አገናኘው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይገናኙም። ቢሁፍ የሚባል ጥቅም ማለት የሆነ የድሮ ስም አለ፤ እንግሊዞቹ በቆየ የርስት ውል ላይ «ዩዝ ኤንድ ቢሁፍ» እያሉ ይጽፉት ነበር። ቃሏ የእሱ ዘመድ ናት። ኢንተርኗ በሰኮናው ይበልጥ ደስ ብሏት ነበር መሰለኝ።

ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ሴቶች ይበረታታሉ የሚለው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ «ፊሜል አፕሊካንትስ አር ቢሆቭድ ቱ አፕላይ» ተብሎ መጣልኝ። ሰረዝኩት። ተመልሶ ገባ። እንደገና ሰርዤ፣ ቃሏ ባለቤት እንደማትወድና እንዲህ እንደማትገለበጥ በማስታወሻ ጽፌ፣ ምሳሌ ጨምሬ ላክሁላቸው። መልስ አልሰጡኝም። ማስታወቂያው እሳቸው በጻፉት መልክ ወጣ፤ ሴቶች አመልካቾችም እንደ ወትሮው መጡ።

መልሳቸውን ያገኘሁት በግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ነው። «መሻሻል ያለበት» ከሚለው ሥር ዶክተር በራሳቸው እጅ «ኢት ዉድ ቢሆቭ ኸር ቱ አርጊው ለስ» ብለው ጽፈዋል። «ኢት» በቦታዋ ናት፣ ኦዋም አንድ ናት። የማርመው አጥቼ ፈረምኩ።