አዲስ ቢሮ ስትገቡ፦ ከሰላምታ እስከ ምሳ ትሪ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ባልደረቦቻችሁ ግን ይህን ያህል አይጠብቁም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛናቸውን ይዘው ይጨርሳሉ።

ሰላምታ ላይ አትሰስቱ። ጥበቃውንም፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ መዝገብ ቤት ያሉትንም ጠዋት ጠዋት ሰላም በሉ። በዕድሜም በሥራም የሚበልጧችሁን «አንተ በለኝ» እስኪሏችሁ ድረስ በአንቱታ ጥሩ። ከአንቱታ ወደ አንተ መውረድ ቀላል ነው፤ ቀድሞ አንተ ብሎ መመለስ ግን ያሳፍራል።

ጥያቄ ሲኖራችሁ መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያህል ራሳችሁ ፈልጉ። ከዚያ ሦስት አራቱን አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ሰው የሚሰለቸው ያንኑ ነገር ሁለቴ ሲጠየቅ ነው። የሒሳብ ክፍልን ደግሞ ወር ሲዘጋ አትጠይቁ።

መቀራረብ የሚመጣው በአብዛኛው ምሳ ላይ ነው፤ ብዙ ስህተትም እዚያው ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ሊኖር ይችላል። በሌላውም ቀን ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ትሪ ከቀረቡ ሥጋው የማን እንደሆነ ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ ሳትጠይቁ ጥብስ አትዘዙ፤ የጾም በያይነቱ ሁሉንም ያበላል። ሒሳቡን በየተራ የሚከፍሉ ከሆነ ተራችሁን ሳትጠሩ ውሰዱ።

ሐሜት ይዞ የሚቀርባችሁን «ገና አላወቅኳቸውም» ብላችሁ ወሬ ቀይሩ። ለቅሶ ካለ ከቡድኑ ጋር ሂዱ፣ ሟቹን ባታውቁም። «የድሮው መሥሪያ ቤቴ እንዲህ ነበር» የሚለውን ንጽጽር ግን ቢያንስ ለአንድ ወር ያዙት።