ማደሪያችንን የሚመርጥልን ኔትወርክ

ማታ የት እንደምናድር የምንወስነው ኔትወርኩን አይተን ነው። ተራራ ይኑር፣ ሐይቅ ይኑር፣ የጀምበሯ አወራረድ የፈለገውን ያህል ይመር፣ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ነው። ይህን ስነግራቸው የሚያዝኑልኝ ጓደኞች አሉ። «እዚያ በረሃ ድረስ ሄዳችሁ ደግሞ ኢንተርኔት ፍለጋ?» ይሉኛል። እኔን ግን አያሳዝነኝም። ኢንተርኔቱ ባይኖር ኖሮ ይህ ኑሮም አይኖርም ነበር።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አርቪ ውስጥ ነው። አልጋ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ያለው ትልቅ መኪና ነው። ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪና ሲነዳ ስለኖረ የአሜሪካን መንገድ በቃሉ ይዞታል። ልጆቻችን ራሳቸውን ሲችሉ ቤቱን ለቀን ወጣን። እኔ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ ከሚኒሶታ ወይም ከቨርጂኒያ ይደውላል። ታካሚዋ አጠገቡ ተቀምጣለች። እኔ አሪዞና ሆኜ የሱን በአማርኛ ለሷ፣ የሷን በእንግሊዝኛ ለሱ አደርሳለሁ።

አብዛኞቹ ታካሚዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ መጥተው እዚሁ የቀሩ እናቶችና አባቶች። ልጆቻቸው ክሊኒክ አድርሰዋቸው ወደ ሥራ ይሮጣሉ። ያ ክፍል ውስጥ በቋንቋቸው የሚያናግራቸው የኔ ድምፅ ብቻ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለወላጁ እንዲያስተረጉም ማድረግም ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር አይፈቀድም። እሰየው የሚያሰኝ ሕግ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ የእናቱን ካንሰር ከሐኪም ሰምቶ መልሶ ለእናቱ መንገር የለበትም። ሕጉ ለታካሚዋ የሚደርሳት ግን መስመሩ ሲሠራ ነው።

ስለ ኢንተርኔት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው ጥያቄው ልክ ነው። ለኔ ሥራ ግን የማውረጃው ፍጥነት ብዙም አያሳስበኝም። ለድምፅ ጥሪ ከአንድ ሜጋ ቢት በታች ይበቃል። ጥራት ላለው ቪዲዮም ሦስት አራት ሜጋ ቢት ይበቃል። የሚያሳስበኝ ከኔ የሚወጣው ነው። የነሱ ድምፅ ጥርት ብሎ እየመጣልኝ የኔ እነሱ ጋ ሊቆራረጥ ይችላል፤ እኔም ላላውቅ እችላለሁ። «መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ይውሰዱ» ስል «በፊት» የምትለዋ መንገድ ላይ ብትቀር ታካሚዋ ምን ይዛ ቤቷ ትገባለች? ስለዚህ አዲስ ቦታ ስንቆም የመጫኛውን (ከኔ የሚወጣውን) ፍጥነትና የመዘግየቱን መጠን እለካለሁ። አንዴ ለክቼም አላምንም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ኔትወርኩ የተለያየ ነው።

መዘግየቱ ለብቻው መነሳት አለበት። የድሮው የሳተላይት ኢንተርኔት ለአስተርጓሚ የማይሆነው በሱ ምክንያት ነው። እነዚያ ሳተላይቶች ያሉት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ግማሽ ሰከንድ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ሦስት ሰው በሚነጋገርበት መስመር ላይ ግን ሁሉም እኩል ይጀምራል፣ ተደናግጦ እኩል ዝም ይላል። ሕመሟን ለመናገር ያፈረች እናት ደግሞ አንዴ ቃሏ ላይ ከተናገሩባት ወዲያ አትቀጥልም። «ተይው ልጄ፣ ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋዋለች። ስታርሊንክ የሚባለው አዲሱ የሳተላይት ኢንተርኔት ግን ሳተላይቶቹ የሚዞሩት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ ይህ ችግር በእጅጉ ቀሏል። በ2022 ለአርቪ የሚሆነው አገልግሎት ሲጀመር እንደኛ መኪና ውስጥ ለሚኖር ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ግን ሳተላይት ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። ሙቀቱ ሲበረታ ኦሪገን እንወጣለን። እዚያ ያሉት ረጃጅም ዛፎች ሰማዩን ከልለውታል። ባለቤቴ መኪናውን አስተካክሎ ከማቆሙ በፊት ስልኩን ይዞ ይወርዳል። የስታርሊንኩ አፕ በካሜራው ሰማዩን እየቃኘ የቱ ጋ ዛፍ እንደሚጋርድ በሥዕል ያሳያል። እሱ አንገቱን አቅንቶ ቀስ እያለ ይዞራል። ቆም ይላል። ጥቂት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ እንደገና ይጀምራል። «እዚህ ጋ አንድ ቅርንጫፍ አለች» ይለኛል። ያቺ ቅርንጫፍ ቀላል አይደለችም። ሳተላይቱ ከኋላዋ ባለፈ ቁጥር መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። ፊልም አስቀድሞ ስለሚጫን የሚያየው ሰው ላያስተውለው ይችላል። ንግግር ግን አስቀድሞ አይጫንም።

ለዚህ ነው በአንድ መስመር የማልሠራው። ሳተላይቱ አለ፣ የስልክ ኔትወርኩም አለ፤ እሱም ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች። ራውተራችን ድምፄን በሁለት መስመር እኩል ይልከዋል። ቀድሞ የደረሰው ይሰማል፣ ሌላው ይጣላል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው እስኪነሳ መጠበቅ የለም። ወጪው ቀላል አይደለም፤ በየወሩ የሦስት አገልግሎት ሂሳብ እንከፍላለን። እኔ ግን ከኪራይ እኩል ነው የማየው። አንድ ቀን ኦሪገን ጫካ ውስጥ ሳተላይቱ እየሄደ እየመጣ ከአንዲት እናትና ከሐኪማቸው ጋር ረዥም ቀጠሮ ጨረስን። የታካሚ ነገር አይጻፍምና ከዚህ አላልፍም። መጨረሻ ላይ «አጠገቤ ያለሽ ነው የመሰለኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ለሦስቱም መስመሮች የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ስልክ ላይ የሚታዩትን የሲግናል ዘንጎች አላምናቸውም። እያንዳንዱ ስልክ ሠሪ በራሱ መንገድ ነው የሚስላቸው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ በዲቢኤም፣ ማለትም በሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፣ የሚነበበውን ቁጥር ማየት ይሻላል። ከዜሮ በታች 90 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። 115 ከደረሰ ደካማ ነው፤ እዚያ ቦታ ፈረቃ አልጀምርም። አምስት ጂ የሚለው ጽሑፍ ስልኩ ላይ መውጣቱም ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ከከተማ ርቀን ስንወጣ የሚደርሱን 600 እና 700 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያሉት ዝቅተኛ ሞገዶች ናቸው። ፈጣኖቹ ሩቅ አይሄዱም።

ሲግናል ሙሉ ሆኖም አንዲት ገጽ የማይከፈትበት ቦታ አለ። ኳርትዝሳይት ነው። አሪዞና በረሃ ውስጥ ያለች፣ በ2020 ቆጠራ 2,400 ገደማ ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው የመንግሥት መሬት ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ለረጅም ጊዜ ማደር ይፈቀድበታል። ስለዚህ ብርድ የሸሸ አርቪ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። በጃንዋሪ ትልቁ የአርቪ ትርዒት ሲከፈት በረሃው በመኪና ይሞላል። የስልክ ማማው ያው ነው፣ ሰዉ ግን በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ማጉያ መሣሪያ ገዝተው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ማጉያ ደካማ ሲግናልን ያጎላል እንጂ መጨናነቅን አያቃልልም። እንዲያውም ብዙዎቹ በአንድ አንቴና ብቻ ስለሚሠሩ ፍጥነቱን ሊቀንሱት ይችላሉ። በዚያ ላይ የዳታ ጥቅልህ ኮታውን ካለፈ፣ ማማው ሲጨናነቅ ከሌላው በኋላ ነው ተራ የሚደርስህ። ውሉን ስንፈርም ይህን ካልጠየቅን ማንም ደፍሮ አይነግረንም። እኔ ጃንዋሪን እዚያ አላሳልፍም። ሰዉን እወደዋለሁ፤ ትርዒቱ ሲያልቅ እንመለሳለን።

ኤሌክትሪኩን ያልቆጠረ ሰው ኢንተርኔት አለኝ ማለት አይችልም። መደበኛው የስታርሊንክ ዲሽ ከ75 እስከ 100 ዋት ይበላል። በስምንት ሰዓት ፈረቃ ከአንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይጨርሳል። በ2024 የወጣው ሚኒ ከ25 እስከ 40 ዋት ስለሚበቃው ሶላር ላይ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ደመና በሆነ ቀን ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

የምሠራው መኝታ ክፍላችን ውስጥ ነው። የ1996ቱ ሂፓ የሚባለው ሕግ የታካሚን ምስጢር ያስጠብቃል። እኔ ስፈርም ማንም እንደማይሰማ ቃል ገብቻለሁ። ባለቤቴ የፈረቃዬን ሰዓት ስለሚያውቅ ከመኪናው ይወጣል፤ የእግር ጉዞ አለው፣ ገበያ አለው፣ የጎረቤት መኪና ይጠግናል። የአርቪ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። እሱን ለማብረድ ከኋላዬና ከጎኔ ሁለት ጋቢ ሰቅያለሁ። አንደኛው እናቴ በእጇ የፈተለችው ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ጥለት በቪዲዮው በኩል ይታያል። አንዳንድ እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ሳይሆን እሱን ነው። ፊታቸው ፈታ ሲል ይታወቀኛል። ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ የሚነግሩት ይበዛል።

እናቴ ደሴ ነች። ኦሪገን በበጋ ሰዓቱ፣ አሪዞና ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከኢትዮጵያ በአስር ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ስለዚህ የትም ብንሆን የኔ የረፋድ እረፍት ለሷ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እራቷን በልታ፣ መብራት ካለ ስልኳን ሰክታ ትጠብቀኛለች። ቪዲዮውን አጥፍተን በድምፅ ብቻ ነው የምናወራው፤ እሷ ጋ ያለው መስመር ቪዲዮ ሲጨመርበት ይከብደዋል። አንዳንዴ የምንነጋገረው ነገር የለንም። ወጡን ምን እንደሠራች፣ ማን እንደታመመ፣ ዝናቡ እንደጣለ ትነግረኛለች። አክስቴ ስታርፍ ቀብሯን የተከታተልኩት በዚሁ መስመር ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። መሄድ አልቻልኩም፤ ዕንባዬን ግን ከነሱ ጋር አፍስሻለሁ። ለዚህ ሲባል የተመረጠ ማደሪያ ለኔ ውብ ነው።

ለፋሲካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቻችን ጋ እንሄዳለን። በሀይዌይ 40 ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በ81 ወደ ላይ። ትልልቆቹን መንገዶች ይዘን ስለምንሄድ ጠዋት ጠዋት ቆመን ሁለት ሦስት ሰዓት መሥራት እችላለሁ። ባለቤቴ በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች በኩል ብናልፍ ደስ ይለዋል። ግሪን ባንክ እዚያ ነው። ስፋቱ 100 ሜትር የሆነው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ፤ ዙሪያውን ያለው 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ሞገድ የሚገደብበት አካባቢ ነው። ወደ ቴሌስኮፑ በቀረብክ ቁጥር የስልክ ኔትወርክ እየጠፋ ይሄዳል። ከሰማይ የሚመጣውን እጅግ ደካማ ድምፅ ለመስማት ሲባል የሰዉ ዝም እንዲል ተደርጓል። ሳየው ደስ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ግን ለፈረቃ ቀን አይሆንም። የዕረፍት ቀኔ ላይ እንዲውል መንገዱን እያስተካከልን ነው። እናቴም በዚያን ቀን እንዳትጠብቀኝ ከወዲሁ ነግሬያታለሁ።