የጎ ካርት ፍሪሲዮን፦ ሞላው፣ ሙቀቱና ሁለት ጠብታ ዘይት

የጎ ካርት (የትንሿ መወዳደሪያ መኪና) ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በእርጅና አይሞትም፤ ተቃጥሎ ነው የሚሞተው። የሚያቃጥለው ደግሞ መንሸራተት ነው። ስለዚህ ሞላ ስትመርጡም፣ የካቴና ጥርስ ስትቀይሩም፣ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ስታስተካክሉም ጥያቄው አንድ ነው፦ ፍሪሲዮኑ በአንድ የመወዳደሪያ መንገድ ዙር ውስጥ የት የት ይንሸራተታል፣ ለምን ያህል ጊዜስ?

የምናወራው እንደ ሆንዳ ጂኤክስ200 እና ብሪግስ ኤልኦ206 ባሉ ፎር ስትሮክ ሞተሮች ላይ ስለሚገጠመው ደረቅ የታምቡር ፍሪሲዮን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሸራዎቹ በሞላ ወደ መሃል ተስበው ይቀመጣሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይገፉና ታምቡሩን ይይዛሉ፤ ታምቡሩ ላይ ያለው ጥርስ ካቴናውን ይጎትታል። ሸራዎቹን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በካሬው ነው የሚያድገው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር የሚይዘውን ፍሪሲዮን በ3,000 ዙር እንዲይዝ ከፈለጋችሁ የሞላው ጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ ሳይሆን 2.25 እጥፍ መሆን አለበት። የሞላ ቀለም (ጉልበቱ የሚለየው በቀለሙ ነው) ሲቀየር ካርቱ ሌላ ካርት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ዘንግ ተመልከቱ። ለእነዚህ ሞተሮች የሚሸጠው የተለመደው ፍሪሲዮን የሚገባው ቀጥ ባለ፣ ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ኢንች (19 ሚሊ ሜትር ገደማ) በሆነና የኪያቬታ (ዘንጉና ፍሪሲዮኑ አብረው እንዲዞሩ የምታቆልፈው ትንሽ ብረት) ቦይ ባለው ዘንግ ላይ ነው። ጂኤክስ200 አገር ቤት በውሃ ፓምፕና በጄኔሬተር ላይ የሚታወቅ ሞተር ስለሆነ ከዚያ ነቅሎ ካርት ላይ መግጠም ያጓጓል። ግን የፓምፑ ዘንግ ብዙ ጊዜ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ነው፣ የጄኔሬተሩ ደግሞ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ሁለቱም ይህን ፍሪሲዮን አይቀበሉም፤ በቶርኖ አስተካክላለሁ ማለትም ትርፉ ድካም ነው። ካቴናውም መመሳሰል አለበት፤ ባለ 219 እና ባለ 35 ካቴና (ቁጥሩ የካቴናው መጠን ነው) ጥርሳቸው አይገጣጠምም። በዲስክ የሚሠራው ፍሪሲዮን የበለጠ ጉልበት ይችላል፣ ነገር ግን ውድ ነው፣ ክፍተቱም በየጊዜው መለካት አለበት። ላልተነካካ ሞተር አያስፈልግም፤ የኤልኦ206 ምድብ ደንብም የሚፈቅደው ባለ ሸራውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሞላው። ፍሪሲዮኑ መያዝ ያለበት ሞተሩ ጥሩ የመጎተት ጉልበት በሚሰጥበት ዙር አካባቢ ነው። ጂኤክስ200 ከፋብሪካ እንደወጣ ከፍተኛውን የመጎተት ጉልበት የሚሰጠው በ2,500 ዙር ነው። በኤልኦ206 አብዛኛው ተወዳዳሪ ከ3,000 እስከ 3,300 ባለው ውስጥ ያስይዘዋል። ቀድሞ ከያዘ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካርቱም ከቆመበት ሲነሳ ይጎተታል። ዘግይቶ ከያዘ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ካርቱ አይሄድም፣ ሸራው ይቃጠላል። ይህንን በጆሮ መገመት አይቻልም፤ የዙር መቁጠሪያ ይገጠም። ከቆማችሁበት ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ስትረግጡ ቁጥሩ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ካርቱ ሲደርስበት እንደገና ይወጣል። ያ የቆመበት ቁጥር ነው የፍሪሲዮናችሁ ትክክለኛ መያዣ። ቆይታው ከሁለት ሦስት ሰከንድ ካለፈ ሙቀት እየገዛችሁ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። በጣም ቀርፋፋው መታጠፊያ ላይ የሞተሩ ዙር ስንት ድረስ ይወርዳል? ፍሪሲዮኑ በ3,200 እየያዘ ዙሩ እዚያ ወደ 3,000 ከወረደ፣ መንገዱን በዞራችሁ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ይለቅና እንደገና ይንሸራተታል። ከኋላ ጥርስ መጨመር አንዱ መፍትሔ ነው፦ ከፊት 19፣ ከኋላ 58 የነበረውን ወደ 61 ብታደርጉት 3,000 የነበረው 3,155 ገደማ ይሆናል። ዋጋው ግን ቀጥታው መንገድ ላይ ይከፈላል፤ 5,900 ይደርስ የነበረው ሞተር አሁን ከ6,200 በላይ ሊሄድ ይፈልጋል፣ ኤልኦ206 ደግሞ 6,100 ላይ ይታገዳል። በዚህ ጊዜ ከጥርሱ አንድ ሁለት መልሶ ሞላውን አንድ ደረጃ ማላላት ይሻላል። ሞላ ስትቀይሩ ሁሉንም በአንድ ላይ ቀይሩ፤ አሮጌና አዲስ ከተቀላቀለ ሸራዎቹ እኩል አይከፈቱም፣ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል።

ሲገጠም ኪያቬታዋ ያለ መዶሻ መግባት አለባት። ፍሪሲዮኑን በመዶሻ እየመቱ ማስገባት የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎዳል። ብሎኑና ሮንዴላው ከጠበቁ በኋላ ታምቡሩ በእጅ ሲገፋ ወደ ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሲሞቅ ይያያዛል። የፊትና የኋላ ጥርሶች አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በቀጥ ያለ ብረት አረጋግጡ። ካቴናው መሃሉ ላይ ሲጫኑት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርገብ፤ የተወጠረ ካቴና የታምቡሩን ቡሽ (ታምቡሩ የሚዞርበትን ቀለበት) ይበላዋል።

ያ የነሐስ ቡሽ የሚሠራው ፍሪሲዮኑ ባልያዘበት ጊዜ ብቻ ነው። ከያዘ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚዞር ሰበቃ የለም። ስለዚህ ቡሹን የሚጨርሰው ውድድሩ ሳይሆን ሰልፍ ላይ ሞተሩን አስነስቶ መጠበቅ ነው። ከእያንዳንዱ የውድድር ቀን በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ዘይት፣ ታምቡሩን በእጅ እያዞሩ፤ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ በላይ የሆነው ዘይት ሸራው ላይ ይረጫል፣ ዘይት የነካው ሸራም ይንሸራተታል። በቡሽ ፋንታ ኩሽኔታ ላለው ዓይነት ፍሪሲዮን ዘይት ሳይሆን ጥቂት ግራሶ ነው።

ከውድድር በኋላ በራሱ ይቀዝቅዝ። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ያጣምመዋል። ሲከፈት አቧራው በፍሬን ማጽጃ ይታጠባል። ሸራው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ይበቃል፤ ታምቡሩ ሰማያዊ ከሆነ ግን ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነውና ስንጥቅ ፈልጉበት። አንድ እግር ቤንዚን፣ ሌላው ፍሬን ላይ አድርጎ የሚነዳ ሰው ካለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ካርቱ ቤንዚን ሳይረገጥ ወደፊት የሚሳብ ከሆነ መጀመሪያ ሚኒሞውን ቀንሱ። ካልተሻለው ሞተሩን አጥፉ፣ ካቴናውን አውልቁ፣ ታምቡሩን በእጅ አዙሩ። የሚከብድ ወይም የሚፋቅ ከሆነ ችግሩ ቡሹ ነው። በነፃ የሚዞር ከሆነ ክፈቱት፤ ከሞላዎቹ አንዱ ተሰብሯል ወይም ልሟል።