«ለመሰብሰብ» የምትል ቃል ሁለት ሌሊት በላችብኝ

ባሌ ያለው ሐረና ደን የዛፍ እንቁራሪት ፎቶ ለማንሳት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከካሜራችሁ በፊት የፈቃድ ደብዳቤያችሁን አንብቡ። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

የፈለግኳት ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ የምትባለዋን ነው። ለሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። መንገዱ ቀላል ነው፦ እስከ ጎባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ 4,000 ሜትር ላይ ያለውን የሳነቴ አምባ አቋርጦ ቁልቁል ደኑ ውስጥ ወዳለችው ሪራ መንደር። ጃኬት ያዙ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በማግስቱም ስብሰባ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ከሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ገልብጣ ጻፈችልኝ፣ ማኅተም አረፈበት። ማኅተሙን ሳይ ደስ ብሎኝ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሞኝ!

ሪራ ስደርስ አንድ ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን በባትሪ አበሩበትና ጣታቸውን አሳረፉ። «ልጄ፣ እዚህ ላይ "ናሙና ለመሰብሰብ" ይላል።»
«ጋሼ፣ እኔ ፎቶ ብቻ ነው...»
«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።»

ልክ ናቸው። እንቁራሪት ለቅሞ መሄድ ሌላ ፈቃድ ነው። ጎባ ተመልሼ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ስብሰባ! ሁለቱንም ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። የተስተካከለው በስልክ ሲላክልኝ ስሜ ተሳስቷል። ጋሼ ሳቁና አለፉት።

አስጎብኚዎች ባሌን ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በበጋው እዩ ይላሉ። ለቀበሮ ይሁን። ለእንቁራሪት ግን ዝናብ ነው፣ ሌሊት ነው። ብቻችሁን አትፈልጓት። አንዴ «ቋ» ትልና ዝም ነው። ሁለት ሆናችሁ ተራርቃችሁ ቁሙ፣ ድምፁ ወደመጣበት ጠቁሙ። ጣቶቻችሁ የሚገናኙበት ቁጥቋጦ ላይ ናት። እኔና ጋሼ ያገኘናት እንዲህ ነው፤ ደረቴ ትይዩ፣ እርጥብ ቅጠል ላይ። የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ክብ፣ ቅጠሉ ላይ ልጥፍ ብሏል።

በእጅ አትንኳት። ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን ከጭቃ አጽዱና በረኪና ባለው ውሃ እጠቡ፣ ይድረቅ። በዓለም ዙሪያ ብዙ እንቁራሪቶችን የጨረሰው ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ እኛም አገር ተገኝቷል፤ በእርጥብ ጫማ ከወንዝ ወንዝ ይሻገራል። ደብዳቤዬን ሦስት ቀን ሲያመላልሱ ስለ ጫማዬ የጠየቀኝ የለም።

ካነሳኋቸው ፎቶዎች ደህና የወጡት ሁለት ናቸው። በአንዱ ከጀርባዋ ቀላ ብሎ የሚታየውን ሰው ሁሉ አበባ ነው ይለኛል። አዲስ የተቆረጠ የኮሶ ጉቶ ነው።